ለስፖርት መኪና ሳስፔንሽን የሚወጣው ገንዘብ ቅድሚያ የት ይዋል?

ያገለገለ የስፖርት መኪና የገዛ ሰው ከሞተሩ ቀጥሎ እጁን ወደ ኪሱ የሚሰደው ለሳስፔንሽኑ ነው። መኪናው ኩርባ ላይ ሲያጋድል ወይም መሪው የታዘዘውን ቶሎ አልፈጽም ሲል «ጠንከር ያለ ሞላ አስገባበት፣ ዝቅ አድርገው» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል። የመለዋወጫ ሻጩም ይህንኑ ይደግምለታል። ይሁንና በርካታ ገዢዎች ሁለትና ሦስት ሺህ ዶላር ካፈሰሱ በኋላ የሚያገኙት መኪና ለስላሳ አስፋልት ላይ የሚያኮራ፣ ጎርባጣ ኩርባ ላይ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ከነበረው ያነሰ መንገድ የሚይዝ ይሆናል።

ይህ የሚሆነው ዕቃው መጥፎ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ገንዘቡ የወጣበት ቅደም ተከተል የተገላበጠ ስለሆነ ነው። ሳስፔንሽን ራሱ መሬት አይዝም፤ መሬት የሚይዘው ጎማው ነው። የሳስፔንሽኑ ሥራ የመኪናውን ክብደት ለአራቱ ጎማዎች ማከፋፈልና ጎማዎቹ ከመሬት እንዳይለዩ መጠበቅ ነው። በመሆኑም የሚሸጠው ዕቃ ሁሉ መመዘን ያለበት በአንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ይህ ብር አራቱ ጎማዎች ሥራቸውን እኩል እንዲሠሩ ምን ያህል ይረዳል? የሚል ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ ርካሹ ሥራ ብዙውን ጊዜ ከፍተኛውን ትርፍ ሲያስገኝ፣ ውዱ ዕቃ ደግሞ በመጨረሻ መምጣት ያለበት ሆኖ ይገኛል።

ማሳያው መኪና

ለጉዳዩ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የጃፓኑ ማዝዳ ኩባንያ የሚሠራው ኤም ኤክስ 5፣ በአሜሪካ ገበያ «ሚያታ» የሚባለው ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና ነው። ይህ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1989 በቺካጎ የመኪና ትርዒት ላይ ሲሆን፣ በአሜሪካ የመነሻ ዋጋው 13,800 ዶላር ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2016 አንድ ሚሊዮነኛው መኪና ከፋብሪካ ወጥቷል። በዓለም ላይ በብዛት የተሸጠው ባለ ሁለት መቀመጫ ስፖርት መኪና መሆኑም ይታወቃል።

የመጀመሪያው ትውልድ ኤም ኤክስ 5 ክብደቱ አንድ ቶን አይሞላም። ሞተሩ ከፊት፣ የሚነዱት ጎማዎች ከኋላ ናቸው፤ ክብደቱም ለፊትና ለኋላ እኩል ለእኩል ሊባል በሚችል ደረጃ የተከፋፈለ ነው። አራቱም ጎማዎች እያንዳንዳቸው በላይና በታች ክንድ ተይዘው ለየብቻቸው ይንቀሳቀሳሉ። የማዝዳ መሐንዲሶች ሲነድፉት መመሪያቸው ያደረጉት «ፈረስና ፈረሰኛ አንድ አካል» የሚል ትርጉም ያለውን የጃፓን አባባል ነበር። ፈረስ የሚያውቅ አንባቢ እንደሚረዳው፣ ልጓም የሚሰማ ፈረስና የሚጎትት ፈረስ አንድ አይደሉም።

መኪናው በብዛት ስላለና ዋጋው መካከለኛ ስለሆነ፣ ለእርሱ የሚሠራ የመለዋወጫና የማሻሻያ ዕቃ ገበያ ሰፊ ነው። ገዢው የሚሳሳተውም ምርጫ በማጣት ሳይሆን በምርጫ ብዛት ነው።

የሻጮቹ ማንነት

በዚህ ገበያ ውስጥ ስማቸው የሚነሣ ድርጅቶች አብዛኞቹ አውሮፓውያን ናቸው። በጀርመን የሚገኘው ቢልስታይን እ.ኤ.አ. በ1873 የተመሠረተ ሲሆን፣ በጋዝ ግፊት የሚሠራውን ባለ አንድ ቱቦ ሾክ አብዞርበር እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ለመርሴዲስ ቤንዝ በማቅረብ ይታወቃል። የሆላንዱ ኮኒ ጥንካሬያቸው በሚስተካከል ሾክ አብዞርበሮች ስም ያተረፈ ነው። የጀርመኑ አይባክ ዋነኛ ዕቃው ሞላ ነው። የስዊድኑ ኦሊንስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 በሞተር ብስክሌት ሾክ አብዞርበር የጀመረ ሲሆን፣ የውዱ ገበያ ተወካይ ሆኗል።

ገበያው ምን ያህል እንደሚያወጣ ለመገመት የኦሊንስን ዕጣ ማየት ይበቃል። የኢጣሊያው የፍሬን አምራች ብሬምቦ ኦሊንስን ቴኔኮ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ላይ በ405 ሚሊዮን ዶላር ለመግዛት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ተስማምቶ፣ ግዢው እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ተጠናቋል። የፍሬን ኩባንያ ይህን ያህል ገንዘብ ለሾክ አብዞርበር ማውጣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ፍሬንም ሆነ ሾክ አብዞርበር የመጨረሻ ጉዳያቸው አንድ፣ ማለትም ጎማውና አስፋልቱ የሚገናኙባት ጥቂት ስፋት ናት።

የጎማው «ተቀናሽ ትርፍ»

የኢኮኖሚ ትምህርት የቀመሰ ሁሉ ተቀናሽ ትርፍ የሚባለውን ሕግ ያውቃል። በአንድ ማሳ ላይ ማዳበሪያ ሲጨመር ምርቱ ይጨምራል፤ ሁለተኛው ኩንታል ማዳበሪያ ግን የመጀመሪያውን ያህል አይጨምርም። ጎማም የሚገዛው በዚሁ ሕግ ነው። በጎማው ላይ የሚጫነው ክብደት ሲጨምር የመያዝ አቅሙ ይጨምራል፤ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ግን አቅሙ እጥፍ አይሆንም።

ለማስረዳት ያህል በፊት ባሉት ሁለት ጎማዎች ላይ በጠቅላላው 500 ኪሎ አርፏል እንበል። እያንዳንዱ 250 ኪሎ ተሸክሞ 260 ኪሎ ያህል የመያዝ አቅም ቢኖረው፣ ሁለቱ በድምሩ 520 ይሰጣሉ። መኪናው ኩርባ ሲገባ 130 ኪሎ ከውስጠኛው ጎማ ተነሥቶ ወደ ውጭኛው ይሄዳል። አሁን አንዱ 380፣ ሌላው 120 ተሸክሟል። 380 የተሸከመው 372፣ 120 የተሸከመው 132 ቢሰጥ ድምሩ 504 ነው። የተሸከሙት ክብደት ያው 500 ኪሎ ሆኖ ሳለ 16 ኪሎ የመያዝ አቅም በመንገድ ላይ ቀርቷል። ክብደት በሁለት ጎማዎች መካከል ባልተመጣጠነ ቁጥር ኪሳራው ይጨምራል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነጥብ ብዙ ገዢዎች የማያውቁት ነው። ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሻገረው ክብደት ጠቅላላ መጠን በሞላው ጥንካሬ አይወሰንም። የሚወሰነው በመኪናው ክብደት፣ በክብደት ማዕከሉ ከፍታ፣ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ባለው ስፋትና በኩርባው ኃይል ነው። 1,000 ኪሎ የሚመዝን፣ የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ የጎማዎቹ ስፋት 1.4 ሜትር የሆነ መኪና የመሬት ስበትን 80 በመቶ በሚያህል ኃይል ሲታጠፍ 257 ኪሎ ያህል ወደ ውጭኞቹ ጎማዎች ይሻገራል። ሞላው ለስላሳ ሆነ ጠጣር ያው 257 ነው። ጠጣር ሞላ የሚቀንሰው የአካሉን ማጋደል እንጂ የሚሻገረውን ክብደት አይደለም።

ታዲያ ሞላና ስታብላይዘር የሚለውጡት ምንድን ነው? የሚለውጡት 257ቱ ኪሎ ለፊትና ለኋላ እንዴት እንደሚከፋፈል ነው። የፊቱ ጠጣር ከሆነ ከ257ቱ 160ው በፊት ጎማዎች መካከል ይሻገርና ኋላው 97 ብቻ ይደርሰዋል። ያን ጊዜ የፊቱ ጎማዎች ቀድመው ይሸነፋሉ፤ መሪው ቢዞርም መኪናው አፍንጫውን ወደ ኩርባው ውጭ ይገፋል። የኋላው ከጠጠረ ደግሞ ኋላው ቀድሞ ይለቅና መኪናው ይሽከረከራል። በአጭሩ፣ ጠጣር የተደረገው ጫፍ ቀድሞ ይለቃል። ይህን ሳያውቅ አንዱን ጫፍ ብቻ ያጠጠረ ሰው የመኪናውን ጠባይ በገንዘቡ ለውጦ ለምን እንደተለወጠ ግን አያውቅም።

መኪናን ዝቅ የማድረግ ሒሳብ

መኪናን ዝቅ ማድረግ ከጥቅሙ ይልቅ መልኩ የሚሸጥ ነገር ነው። በእርግጥ ጥቅም አለው፤ የክብደት ማዕከሉ ሲወርድ የሚሻገረው ክብደት ይቀንሳል። ግን ስንት?

ከላይ የተጠቀሰው መኪና በ2.5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል የሚሻገረው ክብደት ከ257 ወደ 243 ኪሎ ይወርዳል። ትርፉ 14 ኪሎ፣ ማለትም ስድስት በመቶ እንኳ የማይሞላ ነው። በወጪው በኩል ደግሞ ጎማው ወደ ላይ የሚንቀሳቀስበት ቦታ አለ። መኪናው ቆሞ ሳለ ጎማው 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ መሄድ የሚችል ቢሆን፣ ዝቅ ከተደረገ በኋላ የሚቀረው 3.5 ብቻ ነው። ስድስት በመቶ የማይሞላ ትርፍ ለማግኘት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆን መንቀሳቀሻ ተከፍሏል ማለት ነው።

የዚህ ዕዳ መክፈያ ቀን የሚደርሰው ኩርባ መሐል ነው። ሾክ አብዞርበሩ ወደ መጨረሻው ሲደርስ የሚያርፍበት ከጎማ ወይም ከፎም የተሠራ ማገጃ አለ። መኪናው አጋድሎ ሳለ ጎርባጣ ነገር ሲያገኝና ሾኩ ማገጃው ላይ ሲደርስ፣ የዚያ ጎማ ሞላ በድንገት በብዙ እጥፍ እንደጠጠረ ይቆጠራል። ከላይ እንደተባለው የጠጠረው ጫፍ ቀድሞ ይለቃል። ይህ ደግሞ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚሆን ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ኤም ኤክስ 5 ከመነሻው መንቀሳቀሻው አጭር በመሆኑ ከመጠን በላይ ዝቅ ሲደረግ በዚህ በሽታ ይጠቃል።

ከሁሉ የከፋው ሞላውን በመጋዝ ቆርጦ ማሳጠር ነው። ስምንት የሚሠሩ ጥቅሎች ያሉት ሞላ አንዱ ቢቆረጥ ጥንካሬው የሚጨምረው 14 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ቁመቱም አብሮ ይወርዳል። በእሳት ከተቆረጠ ወይም በሙቀት እንዲወርድ ከተደረገ ደግሞ ብረቱ በፋብሪካ ያገኘውን ጥንካሬ ያጣል፤ ሊሰበርም ይችላል። ጥሩ የዝቅታ ሞላ የሚባለው ዝቅ ባደረገው መጠን የጠጠረ፣ ከተስማሚ ማገጃ ጋር የሚሸጥ ነው።

ስታብላይዘር፤ በትንሽ ውፍረት ብዙ ለውጥ

ስታብላይዘር የሚባለው የግራና የቀኝ ጎማዎችን የሚያገናኘው ጠማማ የብረት ዘንግ ነው። ሁለቱ ጎማዎች አብረው ሲወጡና ሲወርዱ ምንም አይሠራም፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲወርድ፣ ማለትም መኪናው ሲያጋድል፣ ይጠመዘዝና ይቃወማል። በዚህ ምክንያት የጉዞውን ምቾት ብዙ ሳይነካ ማጋደልን ይቀንሳል።

ዕቃውን ለገዢ አስደሳች የሚያደርገው ሒሳቡ ነው። ድፍን የሆነ ዘንግ ጥንካሬው የሚያድገው የውፍረቱ አራት ጊዜ ብዜት በሆነ መጠን ነው። ከ20 ሚሊ ሜትር ወደ 22 ሚሊ ሜትር የተወፈረ ዘንግ ጥንካሬው በ46 በመቶ ይጨምራል። ወደ 24 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከእጥፍ ያልፋል። ስለዚህ «ሁለት ሚሊ ሜትር ምን አላት» ብሎ ትልቁን መግዛት አደገኛ ነው። ጫፉ ላይ ሁለትና ሦስት ቀዳዳ ያለው ዘንግ የሚመረጥበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ቀዳዳ በመቀየር ብቻ ጥንካሬውን ማስተካከል ይቻላል።

የዚህ ዘንግ መኖርና አለመኖር ምን እንደሚያስከትል የአሜሪካው ሼቭሮሌት ኮርቬር ታሪክ ያሳያል። ሞተሩ ከኋላ የሆነው ይህ መኪና የ1960 ሞዴል ሆኖ ለገበያ ሲቀርብ የፊት ስታብላይዘር በመደበኛነት አልነበረውም። ለ1964 ሞዴል ጄኔራል ሞተርስ ዘንጉን መደበኛ አደረገ፤ ለኋላውም ተጨማሪ ባሌስትራ ገባለት። ለ1965 የኋላው አሠራር ከሥሩ ተለወጠ። ራልፍ ናደር እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተሙት የመኪና ደኅንነት መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ በዚሁ መኪና ላይ የቀረበ ክስ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው ሪፖርት መኪናው ከጊዜው መሰሎቹ የባሰ አይደለም ቢልም፣ የመኪናው ስም አስቀድሞ ተጎድቶ፣ ምርቱም እ.ኤ.አ. በ1969 ቆሞ ነበር።

ሾክ አብዞርበር፤ የወጪው እምብርት

ሞላ ክብደት ይሸከማል፤ ሾክ አብዞርበር ደግሞ የሞላውን እንቅስቃሴ ያረጋጋል። ሾክ ባይኖር ጎርባጣ የነካ መኪና እንደ ኳስ ይነጥር ነበር። ጎማው በአየር ላይ ባለበት ቅጽበት ደግሞ ፍሬንም መሪም አይሠራም። ስለዚህ ለመንገድ አያያዝ ከሚወጣው ገንዘብ ትልቁ ድርሻ የሚገባው ለሾክ አብዞርበር ነው።

ሾክ አብዞርበር በሁለት ይከፈላል። ባለ ሁለት ቱቦው ርካሽና ለስላሳ ሲሆን፣ ብዙ ሲሠራና ሲሞቅ በውስጡ ያለው ዘይት ከአየር ጋር ተቀላቅሎ አረፋ ሊሠራና አቅሙ ሊወርድ ይችላል። ባለ አንድ ቱቦው ጋዙንና ዘይቱን በፒስተን ስለሚለይና ቱቦው በቀጥታ አየር ስለሚያገኘው ሙቀትን በተሻለ ይቋቋማል፤ ዋጋው ግን ይጨምራል። ማዝዳ ራሱ ለስፖርተኛ ሞዴሎቹ ቢልስታይን ከፋብሪካ እየገጠመ መሸጡ ለገዢው ጥሩ ፍንጭ ነው፤ አምራቹ መኪናውን ለማሻሻል ሲፈልግ መጀመሪያ የነካው ምን እንደሆነ ያሳያልና።

ሞላ የሚቀይር ሰው ሾኩን ሳይቀይር መቅረት የለበትም። ሞላው በ40 በመቶ ቢጠጥር፣ መኪናው በቀድሞው ፍጥነት እንዲረጋጋ የሾኩ ተቃውሞ በ18 በመቶ ያህል መጨመር አለበት። በተግባር የሚታየው ግን ስድሳ ወይም ሰማንያ ሺህ ኪሎ ሜትር የሠራና አቅሙ የወረደ አሮጌ ሾክ ላይ አዲስ ጠጣር ሞላ ማስቀመጥ ነው። ውጤቱ መንጠር ሲሆን፣ ጥፋቱ ያለበት ሾኩ ሆኖ ሳለ የሚወቀሰው ሞላው ይሆናል።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ሾኩን ከመጠን በላይ ማጥበቅ አለ። ኮኒን የመሳሰሉ የሚስተካከሉ ሾኮች መዞሪያ አላቸው። ብዙ ባለቤቶች «ጠንካራ ጥሩ ነው» ብለው እስከ መጨረሻው ያጠብቋቸዋል። በጣም የጠበቀ ሾክ ጎማው ጉድጓዱን ተከትሎ እንዳይወርድ ይከለክለዋል፤ መኪናው በጎርባጣው አናት ላይ እየዘለለ ያልፋል። ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ግን መንቀጥቀጡን እንደ «ስፖርት» ይቆጥረዋል።

በገበያው ውስጥ ሞላና ሾኩ በአንድ ተጣምረው፣ ከፍታቸው በጥርስ እየተዞረ የሚስተካከል ሙሉ ዕቃዎችም አሉ። ዋጋቸው በአሜሪካ ገበያ ከአንድ ሺህ ዶላር በታች ጀምሮ ከሦስት ሺህ በላይ ይደርሳል። በዝቅተኛው ዋጋ የሚሸጡት አብዛኛውን ጊዜ ከፍታን የማስተካከል ችሎታ ይሰጡና የሾኩን ጥራት ይቀንሳሉ። በዚያው ገንዘብ ከፍታው የማይስተካከል ግን ውስጡ የተጣራ አራት ሾክ መግዛት ይቻላል። ለሩጫ ሜዳ የማይወጣ ባለመኪና ከፍታን የሚያስተካክለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በሾኩ ላይ ግን በየቀኑ ይነዳል።

ርካሹ ሥራ፤ ጎሚኒና አላይመንት

የሳስፔንሽኑ ክንዶች ከሻንሲው ጋር የሚገናኙት በጎሚኒ ነው። ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠራ መኪና ጎሚኒው ተሰነጣጥቆ ክንዱ ሲወላወል፣ አሽከርካሪው ያልዞረውን መሪ ጎማው በራሱ ያዞራል። በዚህ ላይ የተጨመረ ውድ ሾክ ውኃ በሚያፈስ በርሜል ውስጥ እንደሚጨመር ዘይት ነው። ጎሚኒ ሲቀየር የፋብሪካውን ላስቲክ መልሶ ማስገባት ለከተማ መኪና ይበቃል፤ ጠጣር ፕላስቲክ የሚመርጥ ሰው ንዝረትና ድምፅ አብሮ እንደሚገዛ ሊያውቅ ይገባል።

አላይመንት ደግሞ ከሁሉም ርካሽ ሆኖ ውጤቱ ወዲያው የሚታይ ነው። ኤም ኤክስ 5 አራቱም ጎማዎቹ በሚዞሩ ቡሎኖች ስለሚስተካከሉ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። መኪና ሲያጋድል የውጭኛው ጎማ አብሮ ወደ ውጭ ያጋድልና በጠርዙ ይቆማል። ጎማው ቀድሞውኑ ከላይ በኩል ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ዲግሪ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ግን ኩርባ ላይ ሙሉ ፊቱን ለአስፋልቱ ይሰጣል። ይህ አሠራር ካምበር ይባላል። የጎማዎቹ ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞርም በጥቂት ሚሊ ሜትር ይስተካከላል፤ ከልክ ካለፈ ጎማውን በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ይበላዋል። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ከአንድ መቶ እስከ ሁለት መቶ ዶላር የእጅ ዋጋ ነው።

ሁለት ሺህ ዶላር እንዴት ይውጣ?

ሁለት ገዢዎች እኩል 2,000 ዶላር ይዘው ያረጀ ኤም ኤክስ 5 ሊያሻሽሉ ተነሡ እንበል። የመጀመሪያው 1,800 ዶላር የሚያወጣ ከፍታው የሚስተካከል ሙሉ ዕቃ ገዝቶ ቀሪውን 200 ለማስገጠሚያ ያውለዋል። ጎማው የደረቀ፣ ጎሚኒው የተሰነጠቀ፣ አላይመንቱ ያልተነካ ነው።

ሁለተኛው መጀመሪያ 150 ዶላር ከፍሎ አላይመንት ያስለካል፤ ዓላማውም የትኛው ክንድ እንደሚወላወል ለማወቅ ነው። የተበላውን ጎሚኒ በ200 ዶላር ይተካል። በ550 ዶላር አራት ጥሩ ጎማ ያስገባል። በ700 ዶላር ለነበረው ሞላ ተስማሚ የሆኑ አራት ሾኮች ይገዛል። በ250 ዶላር ባለ ቀዳዳ የፊት ስታብላይዘር ይጨምራል። በመጨረሻው 150 ዶላር አላይመንቱን እንደገና ያስተካክላል። የእርሱም ድምር 2,000 ነው፤ ጋራዥ የሚጠይቀው የእጅ ዋጋ እንደየቦታው ይለያያል፤ ራሳቸው የሚገጥሙም አሉ።

በርቀት ሲታዩ የመጀመሪያው መኪና «የተሠራ» ይመስላል። ሁለተኛው ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። በጎርባጣና በእርጥብ ኩርባ ላይ ግን ሁለተኛው የሚቀድም ከመሆኑም በላይ አሽከርካሪው ልኩን አውቆ ይነዳል። አንድ ነገር በተቀየረ ቁጥር ነድቶ የማየት ዕድልም አግኝቷል፤ የመጀመሪያው ግን ሁሉንም በአንድ ቀን ስለቀየረ የትኛው እንደጠቀመው፣ የትኛው እንደጎዳው መለየት አይችልም።

በባሌስትራው ላይ ቅጠል የሚያስጨምር የጭነት መኪና ባለቤት ይህን ነገር በሌላ መልኩ ያውቀዋል። የተጨመረው ቅጠል ጭነት ለመሸከም ይረዳል፤ መኪናው ባዶውን ሲመለስ ግን እየዘለለ መንገድ አልይዝ ይላል። ጥንካሬ በልኩ ካልሆነ በአንድ በኩል የሰጠውን በሌላ በኩል ይወስዳል።

የማይታየው ወጪ

ከዕቃው ዋጋ ሌላ ገዢው ሊያሰላቸው የሚገቡ ሦስት ወጪዎች አሉ። አንደኛው ሕግ ነው። በጀርመን ሞላ ወይም ሾክ የተቀየረ መኪና ለዕቃው ተገቢው ማረጋገጫ ከሌለው መንገድ ላይ የመንዳት ፈቃዱን ያጣል። ስለዚህ በዚያ አገር የሚሸጥ የታወቀ ዕቃ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ይመጣል። ርካሹ ዕቃ ርካሽ የሆነበት አንዱ ምክንያትም ያን ወረቀት አለመያዙ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው የመሸጫ ዋጋ ነው። የቆዩ የስፖርት መኪናዎች ሲሸጡ የፋብሪካው ዕቃ እንዳለ መኖሩ ዋጋ ይጨምራል። በመሆኑም የወለቀው ሞላና ሾክ ባይሠራም እንኳ ተጠቅልሎ መቀመጥ አለበት። ዕቃ ሲፈታ ሻንሲን ቆርጦ ወይም በስቶ የሚገጠም ማሻሻያ ይህን መንገድ ለዘለቄታው ይዘጋል።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው የሕይወት ጉዳይ ነው። የመንገድ አያያዝ ሚዛን ትንሽ ሲዛባ ምን እንደሚያመጣ የአውዲ ቲ ቲ ገጠመኝ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1998 ለገበያ የወጣው ይህ መኪና በጀርመን ፈጣን መንገዶች ላይ በከፍተኛ ፍጥነት አቅጣጫ ሲቀይር ኋላው እየለቀቀ የሰው ሕይወት የጠፋባቸው አደጋዎች ደረሱ። ኩባንያው መኪናዎቹን ጠርቶ በሳስፔንሽኑ ላይ ማሻሻያ አደረገ፤ ከኋላ የንፋስ ክንፍ ጨመረ፤ መንሸራተትን የሚቆጣጠር ኤሌክትሮኒክ መሣሪያም ገጠመ። መሐንዲሶችና የሙከራ ሜዳ ያለው ትልቅ ኩባንያ ሊስተው የቻለውን ሚዛን፣ አንድ ባለመኪና በማስታወቂያ ተመርቶ በአንድ ቅዳሜ እመታዋለሁ ካለ ራሱን ብቻ ሳይሆን መንገደኛውንም ያስይዛል።

ለገዢው የሚበጀው አካሄድ አጭር ነው። ጎማ፣ ጎሚኒና አላይመንት መጀመሪያ፤ ሾክ አብዞርበር ቀጥሎ፤ ስታብላይዘር ሚዛን ለማስተካከል፤ ሞላና ዝቅታ በመጨረሻ፣ ያውም ከሾኩ ጋር ተስማምቶ። ሻጩ ዕቃውን ሲያቀርብ መጠየቅ ያለበት ጥያቄም «ምን ያህል ይጠነክራል?» ሳይሆን «ጎማው ምን ያህል መንቀሳቀሻ ይቀረዋል?» የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ በሴንቲ ሜትር መልስ የሌለው ሻጭ የሚሸጠው መልክ ነውና፣ ገዢው ቦርሳውን ሳይከፍት ወደሚቀጥለው ሱቅ ቢያልፍ አይጎዳም።